ጥቁር ልብስ በሲኒማ፦ የልዕለ ጀግና ልብስ ቀለም አመራረጥና የ«ብላክ ፓንተር» ፊልም

እ.ኤ.አ. አፕሪል 18 ቀን 2018 (ሚያዝያ 10 ቀን 2010 ዓ.ም.) በሪያድ፣ በንጉሥ ዓብደላህ የፋይናንስ ማዕከል ውስጥ የተሠራው ሲኒማ ቤት ሲመረቅ ለተመልካች የቀረበው ፊልም «ብላክ ፓንተር» ነበር። በሳዑዲ ዓረቢያ ለ35 ዓመታት ያህል ተዘግቶ የቆየው የሕዝብ ሲኒማ በር የተከፈተው ጥቁር ልብስ በለበሰ አፍሪካዊ ንጉሥ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ሲኒማ ወደ ምሥራቃዊው ክልልም ዘልቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በደማም የተጀመረው የሳዑዲ የፊልም ፌስቲቫልም ዛሬ በአቅራቢያው ዳህራን ከተማ በሚገኘው የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ የዓለም ባህል ማዕከል፣ በተለምዶ ኢስራ በሚባለው፣ ይካሄዳል። ከአል ባዲያ ሰፈር ተነሥቶ በዕረፍት ቀኑ ወደ ሲኒማ ቤት የሚሄድ የደማም ወይም የኾባር ነዋሪ፣ ስለ ልዕለ ጀግናው ጉልበት እንጂ ስለ ልብሱ ቀለም ብዙም ላያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ ቀለሙ ከተዋናዩ ቀድሞ የሚወሰን፣ ብዙ የሚያከራክርና ሲሳሳት ጀግናውን መሳለቂያ የሚያደርግ ጉዳይ ነው።

የልዕለ ጀግኖች ልብስ ቀለም መጀመሪያ የተወለደው ከማተሚያ ቤት ነው። የአሜሪካ የኮሚክ መጻሕፍት በርካሽ ወረቀት ላይ የሚታተሙት በአራት ቀለማት፣ ማለትም በውሃ ሰማያዊ፣ በሐምራዊ ቀይ፣ በቢጫና በጥቁር፣ ቅልቅል ነበር። በዚህ አሠራር ደማቅና ያልተደባለቀ ቀለም በቀላሉ ይወጣል፤ ደብዘዝ ያለው ግን ከገጽ ገጽ ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው ሱፐርማን ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ የለበሰውም በትንሽ ሥዕል ውስጥ ሳይቀር ከሩቅ እንዲለይ ነው። የኸልክ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ አስገራሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በመጀመሪያው እትም ላይ ቆዳው ግራጫ ነበር፤ ነገር ግን ማተሚያው ግራጫውን ወጥ አድርጎ ማውጣት ስላልቻለ በሁለተኛው እትም አረንጓዴ ሆነ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው አረንጓዴ ግዙፍ ሰው የማተሚያ ቀለም ችግር የወለደው ነው።

ጥቁርም ለማተሚያው የራሱ ጣጣ ነበረው። ልብሱ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ከታተመ የጡንቻው፣ የእጥፋቱና የእንቅስቃሴው መስመር ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ ብርሃን የሚያርፍበትን የጥቁር ልብስ ክፍል በሰማያዊ ያቀልሙት ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1966 በስታን ሊና በጃክ ከርቢ የተፈጠረው ብላክ ፓንተርም በዚህ ዘዴ ነው የተሣለው። ከርቢ መጀመሪያ የነደፈው ሥዕል ግን ቢጫ ያለበት ደማቅ ልብስ ነበር፤ ወደ ጥቁር የተለወጠው ከመታተሙ በፊት ነው።

ገጸ ባሕርዩ ከወረቀት ወደ ካሜራ ሲሻገር ደግሞ ሌላ ሕግ ይገዛዋል። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው የመጀመሪያው የሱፐርማን ተከታታይ ፊልም በጥቁርና ነጭ ሲቀረጽ፣ ቀዩና ሰማያዊው በስክሪን ላይ ተቀራራቢ ግራጫ ሆነው አስቸገሩ። መፍትሔው ለተዋናዩ ለጆርጅ ሪቭስ ቡናማና ግራጫ ልብስ መስፋት ነበር። ተመልካቹ ቀይና ሰማያዊ መስሎት ያየው ልብስ፣ ቀረጻው ወደ ቀለም እስኪዞር ድረስ፣ ቀይም ሰማያዊም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የሱፐርማን ፊልም ላይም የበረራው ትዕይንት በሰማያዊ መጋረጃ ፊት ሲቀረጽ፣ መጋረጃውን ለማጥፋት የሚሠራው ዘዴ ሰማያዊውን ልብስም አብሮ ስለሚያጠፋው ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ሌላ ልብስ ተዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው «ስፓይደር ማን» ፊልም ቀይና ሰማያዊ የለበሰው ጀግና በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት፣ አረንጓዴ የለበሰው ጠላቱ ደግሞ በሰማያዊ መጋረጃ ፊት ለየብቻ መቀረጽ ነበረባቸው።

በወረቀት ላይ የሚያምር ቀለም በሥጋ ለባሽ ተዋናይ ላይ ሲታይ ሊያስቅ እንደሚችል አዘጋጆች ይፈራሉ። የኤክስ ሜን ጀግኖች እ.ኤ.አ. በ2000 ፊልም ላይ የኮሚኩን ቢጫ ጥለው ጥቁር ቆዳ የለበሱት በዚህ ፍርሃት ሲሆን፣ ዎልቨሪን የሚባለው ገጸ ባሕርይ በቢጫ ልብሱ በሲኒማ ሙሉ ፊልም ሲጫወት ለማየት ተመልካቹ እስከ 2024 መጠበቅ ነበረበት። ጥቁር የዚያ ዘመን መሸሸጊያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቀለም መምረጥ ያቃተው ሁሉ ጥቁር ያለብስ ነበርና።

«ብላክ ፓንተር»ን ለየት የሚያደርገው ጥቁሩ መሸሸጊያ ሳይሆን የገጸ ባሕርዩ ስም መሆኑ ነው። ሊለወጥ አይችልም። የፊልሙ ዳይሬክተር ራያን ኩግለርና የአልባሳት ዲዛይነሯ ሩት ካርተር የገጠማቸው ጥያቄ ይህን ጥቁር በጨለማ ውስጥ፣ በሌሊት ትዕይንትና በፈጣን እንቅስቃሴ መካከል እንዴት ማሳየት እንደሚቻል ነበር። ችግሩን ለመረዳት በደማም ኮርኒሽ ላይ የሚታየውን ማስተዋል ይበቃል። በቀትር ፀሐይ ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ ጥቁር የሚመስል ዓባያ፣ አመሻሽ ላይ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጥልፉና እጥፋቱ ይወጣል። ጥቁር ጨርቅ የሚነበበው ከቀለሙ ይልቅ ከገጹ ሸካራነትና ከብርሃኑ አቅጣጫ ነው። ካርተርም በልብሱ ገጽ ላይ ከአፍሪካ ጌጥ የወሰደችውን የሦስት ማዕዘን ንድፍ ከፍ አድርጋ አሳተመች፤ ከሥሩ የሚለበሰው የጡንቻ ቅርጽ ደግሞ ብርማ ቀለም ተቀብቶ፣ ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን ሲንቀሳቀስ ብልጭታው በስሱ ጨርቅ ውስጥ እንዲታይ ተደረገ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ መፍትሔ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ ጥቁሩ ነብር የራሱ ስም አለው፤ ግስላ ይባላል። ግስላ ከነብር የተለየ እንስሳ አይደለም፤ ጠጉሩ በተፈጥሮ የጠቆረ ነብር ነው፤ ብርሃን በጎን ሲያርፍበትም የተሸሸገው ዝንጉርጉሩ ይታያል። የካርተር ልብስ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። በቀደመው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር አለቃ ማዕረጉንና ጀብዱውን የሚያሳየው በለምዱ ነበር፤ ከአንበሳ፣ ከነብርና ከግስላ ቆዳ እንዲሁም በወርቅና በብር ከተንቆጠቆጠ ከፋይ የሚሠራ የትከሻ ልብስ ነው። አንበሳ የገደለ ደግሞ ጎፈሩን በራሱ ላይ ያደርግ ነበር። ከነዚህ ሁሉ የግስላ ለምድ እንስሳው ብርቅ በመሆኑ ከፍ ያለ ክብር ነበረው። የጀግናን ማንነት ከሩቅ በልብሱ ማስነበብ የሆሊውድ ፈጠራ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

ልብሱን በጨለማ ያዳነው ሌላው ቀለም ወይን ጠጅ ነው። በፊልሙ ጀግናው የተመታበትን ጉልበት ልብሱ ያጠራቅማል፤ ሲያጠራቅምም በንድፉ መስመሮች ላይ ወይን ጠጅ ብርሃን ይፈሳል። ለንጉሡ ኃይል የሚሰጠው ተክልና አባቶቹን የሚያገኝበት ሰማይም በዚሁ ቀለም የተሣሉ ናቸው፤ ስለዚህ ተመልካቹ ሳይነገረው ቀለሙን ከንግሥናና ከትውልድ ሐረግ ጋር ያያይዘዋል። ተቀናቃኙ ኪልሞንገር የለበሰው ተመሳሳይ ልብስ በወርቅማ ቀለም ተለይቷል። በዚህ በኩል ምርጫው ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል ለማለት ግን ያስቸግራል፤ በመጨረሻው የመሬት ውስጥ ፍልሚያ ሁለቱ ጥቁር ልብሶች በጨለማ ሲወድቁና ሲነሡ ማን ማንን እንደመታ ለመለየት ዓይን ይደክማል።

ከንጉሡ ዙሪያ ያሉት ቀለሞች ከእርሱ ልብስ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። ዋካንዳ የምትባለው ምናባዊት አገር በነገዶች የተከፈለች ስትሆን ለእያንዳንዱ ነገድ ቀለም ተሰጥቶታል። የድንበር ጠባቂዎቹ የሌሶቶን ሕዝብ ብርድ ልብስ በሰማያዊ ይደርባሉ። ንጉሡን የሚጠብቁት ሴቶች፣ ዶራ ሚላጄ፣ በማሳይ ዶቃ ሥራ መነሻነት ቀይ ይለብሳሉ። የንግሥቲቱ ራማንዳ ባርኔጣ ያገቡ የዙሉ ሴቶች ከሚያደርጉት የራስ ልብስ ተወስዶ በኮምፒዩተር ማተሚያ ተሠርቷል። የማዕድን ቆፋሪዎቹ ሽማግሌ ቀይ አፈር የተቀባ ጠጉር ከናሚቢያ ሂምባ ሕዝብ የመጣ ነው፤ ደቡብ ኦሞን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ግን ቅቤና ቀይ አፈር የተቀባውን የሐመር ሴቶች ጠጉር ማስታወሱ አይቀርም።

በኮርያዋ የቡሳን ከተማ የቁማር ቤት ትዕይንት ላይ ደግሞ ሦስቱ ዋና ገጸ ባሕርያት አብረው ሲገቡ ንጉሡ ጥቁር፣ ዳናይ ጉሪራ የምትጫወታት ኦኮዬ ቀይ፣ ሉፒታ ኒዮንጎ የምትጫወታት ናኪያ አረንጓዴ ለብሰዋል። ይህ አጋጣሚ አለመሆኑን ካርተር ራሷ ተናግራለች፤ ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ እ.ኤ.አ. በ1920 በማርከስ ጋርቬይ የሚመራው ማኅበር ለመላው ጥቁር ሕዝብ ያወጣው ሰንደቅ ቀለማት ናቸውና። ሌላው የአፍሪካ የነፃነት ቀለማት ስብስብ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ የተወሰደ ሲሆን፣ ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ ተቀብላዋለች። ፊልሙ በአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ውስጥ የቆመ ስለሆነ የመጀመሪያውን መምረጡ ተገቢ ነው።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች ቆም ብሎ ሊመረምረው የሚገባው ግን አረንጓዴው ነው። የወንዝ ነገድ ሽማግሌ ሙሉ አረንጓዴ ልብስ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ትልቅ ገል አድርጎ ይታያል። ገሉ ከኦሞ ሸለቆ ከሙርሲና ከሱሪ ሕዝቦች የተወሰደ ነው። በሙርሲም ሆነ በሱሪ ዘንድ የከንፈር ገል የምታደርገው ሴት ናት፤ ከጉርምስና ዕድሜዋ፣ ከጋብቻዋና ከክብሯ ጋር የተያያዘ የራሱ ትርጉም አለው። ፊልሙ ከሴት ወስዶ ለወንድ ሰጠው። ምናባዊት አገር የራሷን ወግ ልትፈጥር ትችላለች የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል፤ መልሱም ሚዛን አለው። ነገር ግን የሌሶቶ ብርድ ልብስና የዙሉ ባርኔጣ ከነባለቤታቸውና ከነአለባበሳቸው ሲታዩ፣ የኦሞው ጌጥ ለዓይን ብቻ ተነጥሎ መቅረቡ ለአካባቢው ሰው ቅር የሚያሰኝ ነው። የሙርሲን መንደር በቱሪስት ካሜራ ብቻ የሚያውቀው ዓለም ገሉን ከትርጉሙ ለይቶ ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሥራው ተመስግኗል። ሩት ካርተር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 በአልባሳት ዲዛይን ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች፤ በ2023 ደግሞ በሁለተኛው ፊልም ደገመችው። በዚያ በሁለተኛው ፊልም፣ «ዋካንዳ ፎርኤቨር»፣ ቻድዊክ ቦዝማን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 በማረፉ ንጉሡም በታሪኩ ውስጥ ይሞታል፤ የቀብሩ ሕዝብ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይወጣል። ሐዘንን ከጥቁር ልብስ ጋር ለሚያያይዝ የምዕራብ ተመልካች ትዕይንቱ አዲስ ነበር። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ግን ነጭ ነጠላ በሰርግም በቀብርም እንደሚለበስ፣ ልዩነቱም በአለባበሱ እንደሆነ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት ሲዞር ሐዘን መሆኑን ያውቃል።

በኢትዮጵያም ጥያቄው ደጃፍ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል፤ «ሐዊ» የምትባል ጀግናም ተከትላለች። እንዲህ ያለ ታሪክ አንድ ቀን ወደ ፊልም ቢዞር የመጀመሪያው ፈተና አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን እንዳለ በጀግናው ላይ የማልበስ ፈተና ይሆናል። ሦስቱ ቀለማት በሰንደቅ ላይ ያምራሉ፤ በሚሮጥ ሰው ላይ ግን ዓይንን ይሻማሉ፤ አረንጓዴውም በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ይጠፋል። የካርተር መንገድ ሌላ ነበር፤ የሰንደቁን ቀለማት በአንድ ሰው ላይ ከመደራረብ ለሦስት ሰዎች አካፍላ፣ አብረው ሲገቡ ብቻ እንዲነበቡ አደረገች።