ፉኪራን

ፉኪራን ከትንሹ የጃፓን ኦርኪድ ከፉራን መካከል በቅጠላቸው፣ በአበባቸው ወይም በቁመናቸው ልዩነት ተመርጠው የሚጠበቁ ዓይነቶች የጋራ መጠሪያ ነው። ፉራን በኮሪያና በቻይናም ይበቅላል። በዛፍ ግንድና በቋጥኝ ላይ ቢጣበቅም ከተሸከመው ዛፍ ምግብ አይወስድም። በ1784 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ስዊድናዊው ቱንበርግ ነው።

ነጭ አበባው በሰኔና በሐምሌ ይፈካል። ከኋላው የሚንጠለጠለው ቀጭን ቱቦ ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚይዝና ይህን የሚቀስሙት የሌሊት የእሳት እራቶች ስለሆኑ፣ መዓዛው ሲመሽ ይበረታል።

ሾጉን የተባሉ ወታደራዊ ገዥዎች ጃፓንን በመሩበት በኤዶ ዘመን መሳፍንቱ፣ በተለይም 11ኛው ሾጉን ቶኩጋዋ ኢየናሪ፣ ይሰበስቡት ነበር። ዛሬም የጃፓን ሰብሳቢዎች ዓይነቶቹን እንደ ሱሞ ታጋዮች በማዕረግ ደርድረው በዝርዝር ያወጣሉ።

በእጅጉ የሚፈለጉት ቅጠላቸው ቡራቡሬ የሆኑት ናቸው፤ በጠርዙ ነጭ ወይም ቢጫ መስመር ያለው ፉኩሪን፣ በርዝመቱ የተሰነተረው ሺማ፣ በአግድም የተዥጎረጎረው ቶራ ይባላል። በነጩ ክፍል ክሎሮፊል ስለሚጎድል እድገታቸው አዝጋሚ ነው። መልካቸው በዘር እምብዛም አይተላለፍም፤ የሚራቡት ከግርጌ የሚወጣውን ቡቃያ ሥር ካወጣ በኋላ በመለየት ነው። ፍጹም ነጭ ቡቃያ ከእናቱ ከተለየ ይሞታል።

ሥሩ አየር ስለሚሻ በአፈር አይተከልም፤ ውስጡ ክፍት በሆነ የድንጋይ ሽበት (ሞስ) ጉብታ ላይ ይቀመጣል። ሽበቱ ሲደርቅ ውኃ ይሰጠዋል፤ በክረምቱ ብርድ ውኃው ይቀነስለታል። ለጀማሪ ተራው አረንጓዴ ፉራን ይሻላል፤ ርካሽና ቻይ ነው፣ በመዓዛም ከውድ ዘመዶቹ አያንስም።