ነጠላ ሰረዝና የንግድ አመኔታ

ንግድ በመሠረቱ በቃል ላይ የቆመ ሥራ ነው። ሻጭ ስለ ዕቃው፣ ገዢም ስለ ክፍያው የሚሰጠው ቃል እንዳይታጠፍ አበው በዋስና በምስክር ያስሩት ነበር። ዘመን ሲለወጥ ቃሉ ወደ ወረቀት ተሸጋገረ፤ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» መባሉም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ቃል ወደ ጽሑፍ ሲሸጋገር ከተናጋሪው ድምፅ ይለያል። በንግግር ጊዜ በዕረፍትና በድምፅ አወራረድ ይለይ የነበረው ፍች በጽሑፍ ላይ ለሥርዓተ ነጥብ ይተዋል። ስለዚህ ነጥቡ የተዛባ የንግድ ጽሑፍ ደንበኛውን በሁለት ነገር ያስጠረጥረዋል፤ በመጀመሪያ ስለ ጽሑፉ ፍች፣ ቀጥሎም ስለ ጸሓፊው ጥንቃቄ። ይህ አጭር ጽሑፍ በውጭ አገር የደረሱ ሦስት ጉዳዮችን ካስታወሰ በኋላ የአማርኛን ይዞታ ይመለከታል።

የመጀመሪያው ጉዳይ የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው ሕግ ከቀረጥ ነጻ ሊያደርጋቸው ካሰባቸው ዕቃዎች መካከል ለተከላና ለማራባት የሚገቡ የፍራፍሬ ችግኞች ይገኙ ነበር። በእንግሊዝኛው «ፍራፍሬ» እና «ተክል» የሚሉት ቃላት በጭረት ተያይዘው አንድ ስያሜ መሆን ሲገባቸው፣ በጭረቱ ቦታ ነጠላ ሰረዝ ገባ። በዚህም ምክንያት ፍራፍሬውም ተክሉም ለየብቻቸው ነጻ የተደረጉ መሰለ። አስመጪዎች የከፈሉት ቀረጥ እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ስሕተቱ በ1874 እስኪታረምም ድረስ ግምጃ ቤቱ ብዙ ገንዘብ አጣ። ጉዳቱ በተለምዶ 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተብሎ ይገመታል። እዚህ ላይ የተዛባው የቃል አመሠራረት ምልክት መሆኑን የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ልብ ይሉታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ተርጓሚዎችን በቅርብ የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሮጀርስ የተባለው የካናዳ የኬብል ኩባንያ በኒው ብራንዝዊክ ክፍለ አገር በሚገኙ ምሰሶዎች ላይ ሽቦ ለመዘርጋት አሊያንት ከተባለው የስልክ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። የአንዱ ምሰሶ ኪራይ በዓመት 9 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነበር። የውሉ ፍሬ ነገር ሦስት ክፍል አለው፦ ስምምነቱ ለአምስት ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ይህም አንደኛው ወገን የአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ ካላፈረሰው በቀር ነው። ሮጀርስ የማፍረስ መብት የሚመጣው ከመጀመሪያው አምስት ዓመት በኋላ ነው ብሎ ያምን ነበር። አሊያንት ግን አምስቱ ዓመት ሳያልቅ የማፍረሻ ማስታወቂያ ሰጠ።

የካናዳ የሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2006 ጉዳዩን ሲመረምር ዓይኑን በአንድ ነጠላ ሰረዝ ላይ አሳረፈ። በእንግሊዝኛው ከ«በቀር» ሐረግ በፊት ሰረዝ ስለ ነበረ፣ ሐረጉ መታደሱን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውን አምስት ዓመትም ይገዛል ሲል ለአሊያንት ፈረደ። ሮጀርስ የሚደርስበትን ተጨማሪ ወጪ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ብሎ ገመተ። ይሁን እንጂ ለውሉ መነሻ የሆነው ቅጽ በፈረንሳይኛም ተዘጋጅቶ ነበር። በፈረንሳይኛው የዓረፍተ ነገሩ አሠካክ ለሁለት ፍች አይመችም። ኮሚሽኑም በ2007 ይህንኑ ተመልክቶ የቀድሞ ንባቡን ለወጠ። ደንበኛው በአንዱ ቋንቋ ያጣውን መብት በሌላው ቋንቋ አገኘው ማለት ነው።

በሦስተኛው ጉዳይ ደግሞ ያወዛገበው የሰረዝ አለመኖር ነው። በአሜሪካ በሜይን ግዛት የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማያሰጡ ሥራዎች በሕግ ሲዘረዘሩ ከመጨረሻው «ወይም» በፊት ሰረዝ አልተደረገም። ስለዚህ «ማከፋፈል» ራሱን የቻለ ሥራ ይሁን ወይም «ለማከፋፈል ማሸግ» ማለት ብቻ ይሁን አጠያያቂ ሆነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 ለኦክኸርስት የወተት ድርጅት ሾፌሮች አደላ፤ ድርጅቱም በ2018 በ5 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ።

ከሦስቱ ጉዳዮች የምንረዳው በየቦታው የተዋዋዮቹ ወይም የሕግ አውጪው ሐሳብ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ወረቀቱ ሁለት አንባቢ እንደ ፈጠረ ነው። አመኔታ የሚፈርሰውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ደንበኛው የተነበበለት ቃል ከተጻፈበት ቃል የተለየ መሆኑን ሲያውቅ ቀሪውንም ጽሑፍ በጥርጣሬ ያያል።

ወደ አማርኛ ስንመለስ፣ የካናዳው ችግር እንዳለ በእኛ ላይ ሊደርስ አይችልም። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ ስለሚውል «ካላፈረሰው በቀር» የሚለው ሐረግ ከሚገዛው ግሥ በፊት ይቀመጣል፦ «ስምምነቱ ለአምስት ዓመት ይጸናል፤ አንደኛው ወገን ካላፈረሰው በቀር በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል።» የሰረዙን ሥራ የቃላት ተራ ሠርቶታል። የእኛ ድካም በሌላ በኩል ነው። ቅጽልና ገላጭ ሐረግ ከስም በፊት ስለሚመጡ እስከ የት እንደሚገዙ አይታወቅም። «የአንድ ዓመት ዋስትና ያላቸው ሬዲዮኖችና የግድግዳ ሰዓቶች ይሸጣሉ» ቢባል፣ ሰዓት የገዛው ደንበኛ ዋስትና አለው ወይስ የለውም? ነጋዴው ለሬዲዮ ብቻ አስቦ እንደ ሆነ «የግድግዳ ሰዓቶችና የአንድ ዓመት ዋስትና ያላቸው ሬዲዮኖች» ማለት ነበረበት። ለሁለቱም ከሆነ «ሁለቱም የአንድ ዓመት ዋስትና አላቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር መጨመር ይበቃዋል።

ከዚህም ሌላ የምልክቶቻችን ይዞታ ራሱ አልጸናም። በብራና ጽሑፍ ቃል ከቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ ነበር። መሥመር ሲያልቅ ቃሉ ማለቁን ወይም ወደ ቀጣዩ መሥመር መሻገሩን የሚያስታውቀውም እርሱ ነው። ዛሬ በቦታው የገባው ባዶ ስፍራ ይህን አያስታውቅም፤ በእጅ በሚጻፍ ውል ላይም ጣልቃ ቃል ለሚያስገባ ሰው በር ይከፍታል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ፥ የሚሰጠውን አገልግሎት በዛሬ ጋዜጦች ፣ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሁለቱ ምልክቶች የተለያየ ስምና ቦታ አገኙ። አራት ነጥብም የራሱ ቦታ ተሰጥቶት ሳለ ብዙ ጸሓፊዎች ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመቱ ይጽፉታል። ለዓይን ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን መሥመር ሲያልቅ ግማሹ ነጥብ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃላት የሚሰበስበው መሣሪያም የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ይስታል።

ጉዳዩ ከንጽሕና ያለፈ ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 3 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። እንግዲህ ካናዳውያን ከእንግሊዝኛው ወደ ፈረንሳይኛው እንደ ሸሹ ከአማርኛችን ወደ ሌላ ቅጂ መሸሽ አይቻልም። ሁለት ቅጂ የማይተባበሩበት ውል የሚያስከትለውን መዘዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1889 ከተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ተምረናል፤ በዚያ ያለያየው ግሥ ነበር፣ ነገ የሚያለያየው ሰረዝ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ማሳሰብ ይገባል። አንድ ምልክት አንድ ስምና አንድ አገልግሎት ይኑረው። አራት ነጥብ እንደ አንድ ምልክት ይጻፍ። ገንዘብ ወይም መብት የሚያስገኝ ፍች በሰረዝ ብቻ እንዳይንጠለጠል የቃሉ ተራ አስቀድሞ ይስተካከል። ተርጓሚም ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን አድርጎ ነጥብ በነጥብ ቢያነብ፣ ውሉን አምኖ የሚፈርመውን ሰው ከክርክር ያድነዋል።