የሕንፃ ፕላን ግምገማ (ሚዛን አማንና ቴፒ)

የሕንፃ ፕላን ግምገማ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የከተማው የሕንፃ ሹም ዲዛይኑን መርምሮ የሚያጸድቅበት ወይም ምክንያቱን ገልጾ የሚመልስበት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን በአገር አቀፍ ደረጃ ያቆመው አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲሆን፣ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ መድቧል። የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃዎች፣ እንዲሁም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሁሉ በምድብ «ሐ» ይወድቃሉ። በሚዛን አማን ወይም በቴፒ ሊሠራ የሚታሰብ የፊልም ማሠልጠኛ ስቱዲዮም እንደ ተቋም ሕንፃ ቦታው እዚያ ነው።

ሚዛን ተፈሪና አማን ተዋህደው የመሠረቱት ሚዛን አማን፣ እንዲሁም ቴፒ፣ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ቡና የሚያበቅለው የአካባቢው ዝናብ ለስቱዲዮ ፈተና ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዶፍ የተዋናይን ድምፅ ይውጣል፤ ስለዚህ ድምፅ የሚያፍን ድርብ ጣሪያ ያስፈልጋል። የስቱዲዮው መቅረጫ አዳራሽ መሐሉ ላይ ምሰሶ ሊኖረው ስለማይገባ የጣሪያው ተሸካሚ ስሌት በጥንቃቄ መታየት አለበት። የጄኔሬተር ቤትም ድምፁ ቀረጻውን እንዳይረብሽ ከአዳራሹ ይራቅ። የካሜራ ሌንስ በእርጥበት ሻጋታ ስለሚይዘው፣ በተለይ ቆላማ በሆነችው ቴፒ፣ ደረቅ የዕቃ ክፍል ከመጀመሪያው በፕላኑ ላይ መሣል ይኖርበታል።

ግምገማው በአብዛኛው በጥንካሬ፣ በእሳት አደጋ መከላከያና በአካል ጉዳተኞች መግቢያ ላይ ያተኩራል። ለእንዲህ ዓይነት ሕንፃ የድምፅ ባለሙያም በገምጋሚዎቹ መካከል መቀመጥ ይገባዋል፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ድምፅን ማስተካከል እጅግ ውድ ነውና።