የማይግሬን የዕይታ ኦራ

ከራስ ፍልጠት በፊት፣ አንዳንዴም ያለ ፍልጠት፣ ዕይታን የሚያውክ ጊዜያዊ ብልጭታ። መነሻው አንጎል ስለሆነ ዐይን ቢጨፈንም አይጠፋም። በ1944 እ.ኤ.አ. ብራዚላዊው አሪስቲዴስ ሌያኦ በጥንቸል አንጎል ላይ የገለጸው፣ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሚጓዝ የነርቭ ሞገድ እንደሚያመጣው ይታመናል። መጀመሪያ ከሚነበበው ቃል አንድ ፊደል ይጎድላል፤ ከዚያ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ መስመር እየተርገበገበ ወደ ዳር ይሰፋል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል።

ባሕር ዳር ላይ ከጣና ነጸብራቅ ጋር ይምታታል። ፊትን ወደ ዋርካ ጥላ ቢያዞሩ ነጸብራቁ ይቀራል፤ ኦራው ግን አብሮ ይዞራል። ሰዉ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ያሻል፤ በዚህ መሐል ኦራው በራሱ ጊዜ ስለሚያልፍ ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስዳል። ባጃጅ ወይም ብስክሌት የያዘ ሰው ግን ዳር ይዞ ይቁም፤ ከጎን የሚመጣ መንገደኛ ጨርሶ ላይታየው ይችላል። እንቅልፍ ማጣትና ምግብ መዝለል ስለሚቀሰቅሱት ጿሚዎች ልብ ይበሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ፣ ከአንድ ሰዓት ያለፈ ወይም እጅና እግር የሚያዝል ኦራ በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መታየት አለበት።