ድምፅ ደም ሲያጠራ

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አውጉስት ኩንት እ.ኤ.አ. በ1866 በመስታወት ቱቦ ውስጥ ደቃቅ ዱቄት በትኖ ድምፅ ለቀቀበት። ዱቄቱ በእኩል ርቀት ተከማቸ። ኩንት የፈለገው የድምፅን ፍጥነት መለካት ነበር፤ ስለ ሕዋስ አላሰበም።

ሕያው ሕዋስ ወደ ታሪኩ የገባው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም በስጋት። በ1971 ተመራማሪዋ ሜሪ ዳይሰንና ባልደረቦቿ የጫጩት ፅንስ ላይ አልትራሳውንድ ሲያሳርፉ ቀይ የደም ሕዋሳት በደም ሥሩ ውስጥ መስመር ሠርተው ቆሙ፤ ያሰጋውም ይህ የደም መቆም ነበር።

ያንን ስጋት መሣሪያ ያደረጉት በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ የቶማስ ላውሬል ቡድን አባላት ናቸው። በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ከቁስሉ የሚመጠጥ ደም የስብ ጠብታዎች ይዞ ይወጣል፤ እንዳለ ለበሽተኛው ቢመለስ ስቡ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊደፍን ይችላል። ቡድኑ በሲሊከን ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር የጠበበ ቦይ ቀረጸ። በሰከንድ 2 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በውኃ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት ግማሽ 0.375 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የቦዩ ስፋትም ከዚሁ ጋር እንዲገጥም ተደረገ። ድምፁ ሲለቀቅ ቀይ ሕዋሳቱ ወደ መሐል ይሰበሰባሉ፣ ስቡ ወደ ግድግዳው ይገፋል። ቦዩ መጨረሻው ላይ ሦስት ቦታ ሲከፈል ደሙ በመካከለኛው፣ ስቡ በዳርና ዳሩ ይወጣል። ውጤቱ በ2004 ታተመ።

በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቶኒ ጁን ሁዋንግ ቡድን በ2012 አንዲት ደቃቅ ትል በድምፅ ብቻ ይዞ አንቀሳቀሰ። ለዓይን የትሏ ሙከራ ይማርካል፤ በጥቅም ግን የሉንዱ ቦይ ይበልጣል።