የስደተኛው ንጉሥ ድንች

በሰሜን ሕንድ የነበረችው የአዋድ ግዛት ንጉሥ ዋጂድ አሊ ሻህ ዙፋኑን ተነጥቆ ካልካታ ከገባ ዘንድሮ 170 ዓመት ሞላው። አዘጋጃችን ይህን ሰበብ አድርጎ «ካልካታ የሄደ ሰው የት ይብላ የሚል ነገር ጻፍልን» አለኝ። የተባረረ ንጉሥና ምሳ ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ካለ መልሱ ድስት ውስጥ ነው። በዚያች ከተማ ቢሪያኒ ያዘዘ ሰው ከሩዙና ከፍየል ሥጋው መሃል አንድ ትልቅ ቢጫ ድንች ይወጣለታል። በዴልሂ፣ በሃይደራባድ፣ በራሷ በንጉሡ ከተማ በላክናው እንኳ ቢሪያኒ ድንች አያውቅም። ካልካታ ግን ያለ ድንች አይሆንላትም፤ ድንች የጎደለው ቢሪያኒ ለካልካታ ሰው እንቁላል እንደሌለው ዶሮ ወጥ ነው። ድንቹን ማን ጨመረው? ለምን? እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካልካታ፣ ከ2001 ወዲህ በይፋዊ ስሟ ኮልካታ፣ እስከ 1911 ድረስ የእንግሊዝ ሕንድ መዲና ነበረች። መዲና ሲሆኑ ሁሉም ይመጣል። ከባግዳድ አይሁዶች መጡ፤ ከመካከላቸው ናሆም የተባለው ቤተሰብ የከፈተው ኬክ ቤት ከ1902 ጀምሮ እየጋገረ ዛሬም ኒው ማርኬት ውስጥ አለ። አርመኖች መጡ። ቻይናውያን መጡ፤ ታንግራ በሚባለው ሰፈር ቆዳ ሲያለፉ ኖረው በኋላ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ቲሬታ ባዛር ላይ ደግሞ ማለዳ የተነሣ ሰው የቻይና ቁርስ መንገድ ዳር ያገኛል። ፓርክ ስትሪት ላይ ከ1927 ጀምሮ ሻይና ኬክ የሚያቀርበው ፍለሪስ አለ። ኮሌጅ ስትሪት ላይ ተማሪና ጸሐፊ አንድ ስኒ ይዞ ግማሽ ቀን የሚከራከርበት ቡና ቤት አለ። የእያንዳንዳቸው ታሪክ ራሱን የቻለ አምድ ይወጣዋል። ወደ ንጉሡ እንሂድ።

የካቲት 7 ቀን 1856 የእንግሊዙ ገዢ ሎርድ ዳልሁዚ የአዋድን መንግሥት ጠቀለለ። ምክንያት የተባለው ንጉሡ አገር ማስተዳደር አልቻለም የሚል ነው። ዋጂድ አሊ ሻህ በእርግጥ ከችሎት ይልቅ ግጥም፣ ዜማና ውዝዋዜ የሚወድ ሰው ነበር፤ ሳትያጂት ራይ በ1977 በሠራው «የቼዝ ተጫዋቾች» ፊልም ላይ ንጉሡ እንዲያ ሆኖ ይታያል። ግን አገር ስትነጠቅ የተነጣቂውን ጠባይ መዘርዘር የነጣቂ ልማድ መሆኑን እኛ አናጣውም። የስምምነት ሰነድ አቅርበውለት አልፈርምም አለ። ዘውዱን አውልቆ በመጋቢት ከላክናው ወጣ፤ በግንቦት በእንፋሎት ጀልባ ካልካታ ደረሰ። ሐሳቡ ለንደን ድረስ ሄዶ ለንግሥት ቪክቶሪያ አቤት ለማለት ነበር። እሱ ቀረ፤ እናቱ ሄደች። እናቱም ሳይቀናት ስትመለስ ፓሪስ ላይ በ1858 አርፋ ፔር ላሼዝ በተባለው መቃብር ተቀበረች። በ1857 የሕንድ ወታደሮች ሲያምፁ እንግሊዞች ንጉሡን ሁለት ዓመት ገደማ ፎርት ዊሊያም ምሽግ ውስጥ አሰሩት። ላክናው የቀረችው የቀድሞ ሚስቱ ሃዝራት ማሃል ግን ልጇን አንግሣ ተዋጋች፤ ተሸንፋ ወደ ኔፓል ተሰደደች፤ እዚያው ሞተች።

ንጉሡ ሲፈታ የሰፈረው ከካልካታ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ሁግሊ ወንዝ ዳር፣ መቲያብሩዝ በሚባል ስፍራ ነው። ቀስ በቀስ የላክናው ሰው ጎረፈ፤ ዘፋኙ፣ ልብስ ሰፊው፣ ርግብ አርቢው፣ ወጥ ቤቱ። የዘመኑን ነገር ከሁሉ አብልጦ የጻፈልን አብዱል ሃሊም ሻራር ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያው ነው፤ ሰፈሩን ሁለተኛ ላክናው ያደርገዋል። መስጊዱ፣ የካይት ውድድሩ፣ አነጋገሩ ሁሉ ተዛውሮ ነበር።

አሁን ድንቹ። ሕዝቡ የሚያወራው የመጀመሪያው ታሪክ ቀላል ነው። ንጉሡ ደኸየ። ሥጋው ለዚያ ሁሉ ሎሌና ዘመድ አልበቃ አለ። ወጥ ቤቶቹ የሥጋውን ቦታ በድንች ሞሉት፤ የንጉሡም ክብር ተጠበቀ። ይህ ታሪክ በምግብ ቤቶችም፣ በጋዜጦችም፣ በመንገደኛ መጻሕፍትም ተደጋግሞ ተነግሯል። ስለሚያሳዝን ይጣፍጣል።

ሁለተኛውን የሚናገሩት ዛሬም ካልካታ የሚኖሩ የንጉሡ ዘሮች ናቸው። እነሱ በመጀመሪያው ታሪክ ይከፋቸዋል። አያታችን ለማኝ አልነበረም፤ ድንች በዚያን ጊዜ አዲስና ብርቅ ነገር ነበር፤ ወጥ ቤቶቹ ቀምሰው ወደዱት፤ ንጉሡም «ከእንግዲህ አይቅር» አለ ይላሉ። ድንችን ወደ ሕንድ ያመጡት ፖርቹጋሎች ናቸው፤ በቤንጋል በስፋት እንዲዘራ የገፋፉት እንግሊዞች ናቸው። (ወደ እኛ አገር ድንች የገባው በ1858 ገደማ በጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ በሺምፐር በኩል ነው ይባላል፤ ንጉሡ እስር ላይ ሳለ መሆኑ ነው።) ከቤተሰቡ አንዳንዱ ድንቹ ያኔ ከሥጋ ይወደድ ነበር እስከ ማለት ይደርሳል። ይሄኛው ትንሽ በዛ። ካልካታ ያኔ የእንግሊዝ ከተማ ነበረች፤ የእንግሊዝ ገበታ ደግሞ ድንች አያጣም።

ቢሆንም ሂሳቡን ማየት ነው። እንግሊዞች ለንጉሡ የቆረጡለት ጡረታ በዓመት 1,200,000 ሩፒ ነው፤ በወር 100,000። መንግሥቱን ላጣ ሰው ስድብ ሊሆን ይችላል፤ ለፍየል ሥጋ ግን ያንሳል ብሎ መከራከር ይከብዳል። ገንዘቡ የት እንደሄደም ሻራር ጽፎታል። ንጉሡ በግቢው ውስጥ የአራዊት ማቆያ ሠራ። ነብር፣ ቀጭኔ፣ ልዩ ልዩ ወፍ ሰበሰበ። ሰው ሠራሽ ኮረብታ አሠርቶ እባብ ለቀቀበት፤ እንዳያመልጡ በዙሪያው ግድግዳው የሚያንሸራትት ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ተመልካች ከዳር ቆሞ ያያቸዋል። ላባው እንደ ሐር ለሚያብረቀርቅ አንድ ጥንድ ርግብ 24,000 ሩፒ ከፈለ፤ ለአንድ ጥንድ ነጭ ጣዎስ 11,000። በወር ጡረታው ሩብ ርግብ የሚገዛ ሰው ዕዳ ቢገባ አይገርምም፤ ገብቷልም። ሥጋ ቆጥቦ ድንች አስቀቀለ ሲሉኝ ግን እጠራጠራለሁ።

የዚያ ቤት ወጥ ቤት ምን ዓይነት እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ይህንንም የነገረን ሻራር ነው። አንድ ቀን የዴልሂ መስፍን የሆነው ሚርዛ አስማን ቃድር ንጉሡ ዘንድ ይጋበዛል። ራሱም ምግብ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ነው። ከፊቱ በስኳር የተዘፈዘፈ የሚመስል፣ የሚያብለጨልጭ የፍራፍሬ ማርማላት ቀረበለት። ቆርሶ አፉ ውስጥ ሲያደርገው ደነገጠ፤ በቅመም የተሠራ የሥጋ ቆርማ ነው። ንጉሡ ሳቀ። መስፍኑ አፈረ፤ ግን ዝም አላለም። ከጥቂት ቀን በኋላ እሱም በተራው ንጉሡን ጠራ። ንጉሡ ብድሩ እንደሚመለስ እያወቀ፣ ተጠንቅቆ ሄደ። ገበታው ላይ ሩዙ፣ ቆርማው፣ ከባቡ፣ ቂጣው፣ ቃሪያው ሁሉ ተደርድሯል። ንጉሡ ከዚህ ቢቀምስ ስኳር፣ ከዚያ ቢቀምስ ስኳር። ሩዙ ስኳር ነው፤ ሥጋው ስኳር ነው፤ ሳህኖቹ እንኳ ከስኳር የተሠሩ ነበሩ ይባላል።

እንዲህ የሚጫወት ወጥ ቤት አንድ አዲስ ሥር ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ይሞክረዋል። እንደ እኔ ግምት የድንቹ ነገር ከችጋር ይልቅ ወደዚህ ያደላል።

ግን አንድ የሚያውክ ነገር አለ። ያው ሻራር ስለ ላክናው ምግብ ሲጽፍ ላክናዎች የሚኮሩበት ፑላው የተባለው ሌላው የሩዝ ምግብ እንጂ ቢሪያኒ አለመሆኑን ያስረዳል። ቢሪያኒን የዴልሂ ነገር አድርጎ ያየዋል፤ ቅመሙ ስለሚበዛ ለላክናው ሰው ጣዕሙ ወፈር ያለ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቀይ ጨርቅ በተጠቀለለ ድስት ካልካታ መንገድ ዳር የሚሸጠው ነገር ንጉሡ በእጁ ያጎረሰን ሳይሆን፣ በመሐል ብዙ እጅ የገባበት ነው። ዋጂድ አሊ ሻህ በመስከረም 1887 ሞተ፤ ሲብታይናባድ በተባለው ኢማምባራ (የሺዓ ሙስሊሞች የሐዘን አዳራሽ) ተቀበረ። እንግሊዞች ንብረቱን ለጨረታ አቀረቡት፤ ሠፈሩ ተበተነ። ወጥ ቤቶቹ ደመወዝ ከፋይ አጡ፤ ከተማ ወጥተው ለከፋይ ሁሉ መቀቀል ጀመሩ። በኪሱ ሳንቲም ይዞ ለሚመጣ ወደብ ሠራተኛ አንድ ቁራጭ ሥጋና አንድ ድንች ጥሩ ሳህን ነው። የመጀመሪያው ታሪክ፣ የድህነቱ፣ እውነት ካለው እውነቱ እዚህ ያለ ይመስለኛል፤ ደሃው በላተኛው እንጂ ንጉሡ አልነበረም።

ለዚህ የሚረዳኝ አንድ ምስክር ቤት አለ። ከናኮዳ መስጊድ አጠገብ፣ ቺትፑር መንገድ ላይ፣ ሮያል የሚባለው ምግብ ቤት ከ1905 ጀምሮ ቆሟል። መሥራቾቹ የላክናው ሰዎች ናቸው። ቢሪያኒያቸው በካልካታ መሃል ሆኖ ድንች የለውም። ከላክናው በቀጥታ የመጣ እጅ ድንች አያደርግም ማለት ነው፤ በመቲያብሩዝና በካልካታ ገበያ ያለፈው ያደርጋል።

መቲያብሩዝ ዛሬ ሌላ ነው። ንጉሡ ካስከተላቸው ሙያተኞች ልብስ ሰፊዎቹ ሥር ሰደዱ፤ ሰፈሩ አሁን በጅምላ ልብስ ገበያው ይታወቃል። ጎኑ ወደብ ነው፤ መንገዱ ጠባብና የጭነት መኪና የበዛበት። ኢማምባራው አለ፤ መብራትና መስታወቱም አለ። የአራዊቱ ግቢ የለም። እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ንጉሡ ካገባቸው ሴቶች መካከል አፍሪካዊት ነበረችበት፤ ከዘበኞቹም መካከል አፍሪካውያን ሴቶች ነበሩ። ቤንጋል ለዚህ አዲስ አይደለችም። ከ1487 እስከ 1493 ባለው ጊዜ ቤንጋልን የገዙት በባርነት ከእኛ ወገን ባሕር ተሻግረው የሄዱ፣ በወታደርነት የበረቱ «ሐብሺ» የተባሉ ሱልጣኖች ነበሩ። ምን ይበሉ እንደነበር የጻፈ የለም እንጂ ይህ አምድ ከእነሱ ይጀምር ነበር።

ወደ ሳህኑ እንመለስ። ድንቹ ይላጣል፤ ትልቅ ከሆነ ለሁለት ይከፈላል። ቢጫ ቀለም ይዞ በዘይት ቆላ ይደረጋል፤ ከዚያ ከፍየሉ ሥጋ ጋር ይገባል። በላዩ ግማሽ የበሰለ ረጅም ሩዝ፣ የነጠረ ቅቤ፣ ሳፍሮን የነካው ወተት፣ ኬዎራ የሚሉት የአበባ ውሃ ይፈስሳል። የድስቱ አፍ በሊጥ ይታሸጋል። ከዚያ በስሱ እሳት ይተዋል። ድስቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ሽታ የምግብ አይመስልም፤ ሽቱ ቤት የገቡ ነው የሚመስለው። ድንቹ የሥጋውን መረቅና ቅቤውን ሁሉ ስለሚጠጣ ማንኪያ ሲነካው ይፈርሳል፤ ውስጡ ድረስ ቢጫ ሆኗል። ሥጋው ያን ያህል ጣዕም አይዝም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ለሁለት አንድ ሳህን ያዘዙ ሰዎች በድንቹ ሲገፋፉ ማየት የተለመደ ነው።

የዛሬ ነገር ከተነሣ፣ በሕንድ ከየትኛውም ክፍለ ግዛት በላይ ድንች የምታመርተው ኡታር ፕራዴሽ ናት፤ ላክናው ዋና ከተማዋ ናት። ሁለተኛዋ ምዕራብ ቤንጋል ናት። ድንቹ የበዛበት አገር ቢሪያኒው ውስጥ አላስገባውም፤ ሁለተኛው ግን በ2024 ዋጋ ሲያሻቅብበት ድንች ወደ ጎረቤት ክፍለ ግዛቶች እንዳይወጣ ከለከለ፤ ጎረቤቶቹም አጉረመረሙ።

እንግዲህ ለአዘጋጁ ጥያቄ፦ የእኛ ሰው ለሕክምናና ለትምህርት የሚመላለሰው ወደ ዴልሂ፣ ቼናይና ባንጋሎር ነው፤ ካልካታ የሚዘልቅ ጥቂት ነው። የዘለቀ ሰው ድንቹን ለማየት ከ1929 ጀምሮ የሚሠራው አሚኒያ ወይም ፓርክ ስትሪት ጫፍ ላይ ያለው ሺራዝ ይሂድ፤ ድንች አልባውን ለማነጻጸር ሮያል ይሂድና ከቢሪያኒው ጋር ቻፕ የሚሉትን በወፍራም መረቅ የተሠራ ሥጋ ይዘዝ። ሥጋ በቂጣ የተጠቀለለበትን ጥቅል የሚወድ ኒዛምስ አለለት። በጾም ወራት የሄደ ሰው ቢሪያኒውን ይለፈውና የቤንጋልን የአትክልት ምግብ ይሞክር፤ ያ ቢሪያኒ በፍየል፣ በቅቤና በእንቁላል የተሠራ ነው። ለምሳ ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል፤ ድስቱ ሲያልቅ አልቋል ነው። አስተናጋጁን «አሉ» ብትሉት ድንች ማለታችሁ ነው፤ ትርፍ ሲጠየቅ አዲስ አይሆንበትም፤ ሂሳቡ ላይ ግን ይደምረዋል።