ፈልጎ ማግኘት እና አግኝቶ ማመን

ሶፍትዌር የሚሠራ ጓደኛ ያላችሁ ሳትታዘቡ አልቀራችሁም፤ ኮድ ሲጽፍ ያያችሁትን ያህል ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግም አይታችሁታል። እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ስለሆነ መጀመሪያ ኩረጃ መስሎኝ ነበር። የፍለጋን ታሪክ ሳገላብጥ ግን የጓደኛዬ ሥራ ከእኔው ጋር ዘመድ ሆኖ አገኘሁት። ሁለታችንም እንጀራችን ጥያቄ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጎግል በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ አለን ኤምቴጅ የተባለ የባርቤዶስ ተወላጅ ተማሪ "አርቺ"ን ሠራ። ያኔ ነጻ ፕሮግራሞች በየዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ተበትነው ይቀመጡ ነበር። አርቺ የፋይሎቹን ስም ሰብስቦ ያሳያል፤ በውስጣቸው ያለውን ግን አያውቅም። እንግዲህ የፋይሉን ስም ካላወቃችሁ አለቀላችሁ!

በ1995 መጨረሻ አልታቪስታ መጣ። ይሄኛው የገጾችን ሙሉ ጽሑፍ ስለሚያገላብጥ ፕሮግራመሩ ኮምፒውተሩ ያወጣለትን የስህተት መልእክት እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ከትቶ መፈለግ ቻለ። ጓደኛዬ ዛሬም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከመልእክቱ ውስጥ የራሱን ፋይልና ፎልደር ስም ቆርጦ ያወጣል፤ የቀረውን በጥቅስ ያስገባል፤ የፕሮግራሙን ስምና ቨርዥን ይጨምርበታል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ?

በ1998 የተመሠረተው ጎግል ደግሞ ብዙ ገጾች የጠቆሙትን ገጽ ወደ ላይ አወጣው። በ2008 ስታክ ኦቨርፍሎው ተከፈተና የፕሮግራመሮች ጥያቄ ከነመልሱ፣ መልሱም ከነተሰጠው ድምፅ ተደርድሮ ተገኘ። ማግኘት ቀለለ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ከላይ የተቀመጠው ሁሉ እውነት መሰለን።

እስቲ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ2010 አንድ ፕሮግራመር የባይትን ብዛት ወደ ኪሎባይትና ሜጋባይት ቀይሮ የሚጽፍ አጭር የጃቫ ኮድ እዚያ ለጠፈ። በ2018 የወጣ ጥናት ከስታክ ኦቨርፍሎው የጃቫ መልሶች በብዛት ከተገለበጡት ውስጥ ግንባር ቀደሙ ይኸው ኮድ መሆኑን አሳየ። በ2019 ግን ጸሐፊው ራሱ ኮዱ ስህተት እንዳለበት በይፋ ጻፈ። 999,999 ባይት ሲሰጡት "1.0 ሜጋባይት" ማለት ሲገባው "1000.0 ኪሎባይት" ይላል። ያ ሁሉ ሰው ሲገለብጥ ዘጠኝ ዓመት አለፈ!

ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ብዙዎች ቻትጂፒቲን መጠየቅ ጀምረዋል። መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ ምንጩ ግን አብሮት ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ እኛ ክፍል ውስጥ የተማርናቸው ጥያቄዎች ለፕሮግራመሩም ይሠራሉ። ማን ጻፈው? መቼ? ለየትኛው ቨርዥን? ሠሪዎቹ ያወጡት መመሪያስ ምን ይላል? ከዚያ በኋላ ኮዱን በትንሹም በትልቁም ቁጥር መሞከር ነው።

ከአርቺ ወዲህ መፈለጊያው ብዙ ነገር ተማረ። መጠርጠርን ግን ለእኛ ትቶልናል።